አስቤዛ ከየት ይገዛ? የባሕር ዳር ሱፐርማርኬት፣ ጅምላ ቤት፣ የሸማቾች ሱቅና የቅዳሜ ገበያ ሲነጻጸሩ

ባሕር ዳር ውስጥ «የቱ ሱቅ ይረክሳል?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ትክክለኛው መልስ «ምን ልትገዛ?» የሚል ነው። ፓስታ የሚረክስበት ቤት ጤፍ አይረክስበትም። ሽንኩርት በርካሽ የሚገኝበት ገበያ ላይ ደግሞ ፀሐይ ሲመታው የዋለ የዱቄት ወተት መግዛት ለልጅ ጤናም ለኪስም አያዋጣም። ደመወዝ በወጣ ማግስት ሁሉንም ከአንድ ቤት ጠቅልሎ የሚሸምት ቤተሰብ ድካም ይቀንስለት ይሆናል፤ ብር ግን አይተርፈውም። ስለዚህ ዕቃ በዕቃ እየወሰድኩ አነጻጽራለሁ።

አስቀድሞ ስለ «ቅናሽ ሱፐርማርኬት» አንድ ነገር ልበል። እንደ ጀርመኖቹ አልዲና ሊድል ያሉ መደብሮች ዋጋ የሚያወርዱበት ዘዴ ምሥጢር የለውም። የዕቃ ዓይነት ያሳንሳሉ፤ ዕቃውን ከነካርቶኑ ይደረድራሉ፤ ጥቂት ሠራተኛ ይይዛሉ፤ በራሳቸው ስም የታሸገ ምርት ይሸጣሉ። የእኛ ከተማ ሱፐርማርኬቶች አብዛኞቹ እንዲህ አይሠሩም። መደርደሪያቸው ያማረ፣ የዕቃቸው ዓይነት የበዛ ነው፤ ከውጭ የገባውም ጥቂት አይደለም። የኪራዩ፣ የመብራቱና የማቀዝቀዣው ወጪ የሚሸፈነው ከዕቃው ዋጋ ላይ ነው። በተለይ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ሲሰቀል ሁላችንም አይተናል። የእነ አልዲን አሠራር እኛ ጋ የሚመስለው ጅምላ ቤት ነው፦ ጥቂት ዓይነት ዕቃ፣ በካርቶን፣ ያለ ጌጥ።

ጤፍና ሌላው እህል

የቤተሰቡ ትልቁ ወጪ እዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር። በሱፐርማርኬት ተፈጭቶ በከረጢት የሚሸጥ የጤፍ ዱቄት፣ የማበጠሪያውን፣ የወፍጮውን፣ የማሸጊያውንና የመደርደሪያውን ዋጋ አብሮ ያስከፍላችኋል። ጊዜ ለሌለው ላጤ ይሆናል። በየቀኑ እንጀራ ለሚበላ አምስትና ስድስት ሰው ላለበት ቤት ግን አልመክርም።

ጤፍ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ከዚያ እስከ የካቲት ድረስ ገበሬው ግብሩንና የማዳበሪያ ዕዳውን ለመክፈል እህሉን ያወጣል፤ ከአደትና ከሌሎቹ የጎጃም አካባቢዎች የሚመጣው ጤፍ ገበያውን ይሞላዋል፤ ዋጋውም ይረግባል። ክረምት ሲገባ ጎተራ ይጎድላል፣ መንገዱም ይጨቀያል፤ ዋጋውም ይወጣል። ጤፍን ነቀዝ ስለማይደፍረው፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ በደረቅ ቤት ከተቀመጠ ዓመት ይዘልቃል። ስለዚህ የዓመቱን ጤፍ በጥር መሸመት የሚችል ቤተሰብ ከየትኛውም የሱቅ ቅናሽ የበለጠ ያተርፋል። ሽንብራ፣ ባቄላና በቆሎ ግን ይነቅዛሉ፤ እነሱን ለሁለትና ለሦስት ወር ከሚበቃ በላይ አትከምሩ።

የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅና የቅዳሜው ገበያ ሲነጻጸሩ ደግሞ እንዲህ ነው። የሸማቾች ሱቅ እንደ መርከብ ካሉ የገበሬዎች ዩኒየኖች በቀጥታ ያስመጣ እንደሆነ ደላላው ይቀራል፤ ዋጋው ይሻላል፤ ሚዛኑም የታወቀ ነው። ችግሩ ምርጫ የለውም፤ የመጣውን ትወስዳላችሁ፤ ያለቀ ዕለትም ባዶ እጅ መመለስ አለ። ገበያው ላይ ማኛውን፣ ነጩን፣ ሰርገኛውንና ቀዩን ጎን ለጎን አይታችሁ ትከራከራላችሁ፤ ጥራቱን መለየት ግን የእናንተ ሥራ ነው። ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን ብቻ አትዩ፤ እጃችሁን አስገብታችሁ ከመሐል ዝገኑ። ጥቂቱን በውኃ በጥብጡት፤ አሸዋ ካለው ከሥር ይቀራል። ከ100 ኪሎ 5 ኪሎ አፈርና እብቅ ከወጣ የገዛችሁት 95 ኪሎ ነው። ስለዚህ የከፈላችሁትን ለ95 አካፍሉና ከሌላው ነጋዴ ዋጋ ጋር አነጻጽሩ። «ርካሽ» የተባለው ጤፍ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይወድቃል። በጣሳና በቁና ከሚሰፈር ይልቅ በኪሎ የሚመዘን ምረጡ።

ሩዝ ላይ ፍርዱ ቀላል ነው። ከወረታ የሚመጣው የፎገራ ሩዝ እያለ በሱፐርማርኬት ከውጭ የገባውን ለዕለት ምግብ መግዛት አያስፈልግም። ስብርባሪው ደግሞ ለእንጀራ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ይፈጫል፤ ጤፍ ሲወደድ ብዙ ቤት የሚያድነው ይህ ነው። በርበሬም እንደዚሁ፦ የተፈጨውን በትንሽ ማሸጊያ ከመግዛት፣ የቡሬን ዛላ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ገዝቶ ቤት ቀንጥሶ ማስፈጨት በዋጋም በእምነትም ይበልጣል። ዛላው እርጥበት እንዳልነካውና እንዳልሻገተ ግን ሰበር አድርጋችሁ ውስጡን እዩ።

ዘይት፣ ስኳር፣ ፓስታ

እዚህ ላይ የሚያታልለው መጠኑ ነው። አንዱ ሱቅ ዘይት በሊትር፣ ሌላው በኪሎ ይሸጣል፤ የ1 ሊትር ዘይት ክብደት ግን 920 ግራም ገደማ ነው። ዋጋቸው እኩል ከሆነ በኪሎ የሚሸጠው ብዙ ዘይት ይሰጣችኋል። ፓስታ 500 ግራምም 400 ግራምም አለ፤ ማሸጊያው ከሩቅ ሲታይ አንድ ይመስላል። በስልካችሁ ዋጋውን ለግራሙ አካፍሉ፤ ሌላ ዘዴ አያስፈልግም።

የሸማቾች ሱቅ ስኳርና ዘይት በተመን ሲያቀርብ የሚወዳደረው የለም፤ አባል መሆን ያለባችሁም ለዚህ ነው። ዕጣ (የማኅበሩን አክሲዮን) ገዝታችሁ አባል ከሆናችሁ ማኅበሩ ሲያተርፍ ከትርፉ ድርሻ አላችሁ። ነገር ግን ዕቃው ያለማቋረጥ አይገኝም፤ ሰልፉም ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። የቀን ሥራ ለሚሠራ ሰው የግማሽ ቀን ሰልፍ ከዘይቱ ልዩነት በላይ ሊያስወጣው ስለሚችል ይህንንም ቁጠሩት። ዕቃው የሚገባበትን ቀን ከሻጮቹ ጠይቆ ማወቅ ብዙ ምልልስ ያድናል።

ከሸማቾች ሱቅ ዕቃው ሲያልቅ ወደ ጅምላ ቤት ሂዱ። አንድ ካርቶን ፓስታ፣ ባለ 20 ሊትር ዘይት፣ የሳሙና ካርቶን ከዚያ ይገዛል። አንዳንዱ ጅምላ ቤት ለነጋዴ ብቻ እንጂ ለቤት አልሸጥም ይላል፤ ካርቶኑን ሙሉ እንደምትወስዱ ስትነግሩት ግን ብዙውን ጊዜ እሺ ይላል። የሚጠራላችሁ ዋጋ 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨምር እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሒሳብ መክፈያው ላይ ሲደረስ የሚጨመር ከሆነ ንጽጽራችሁ ሁሉ ይፈርሳል።

ሱፐርማርኬቱ የሚያሸንፍበት ቦታ አለው፤ እሱን መካድ ተገቢ አይደለም። የሕፃን ወተት፣ ቅቤና አይብን የመሰለ ቀዝቃዛ ቦታ የሚፈልግ ነገር፣ የመጠቀሚያ ጊዜው በግልጽ መነበብ ያለበት ሁሉ ከዚያ ይገዛ። ደረሰኝ አለው፤ የተበላሸ ቢሆን የምትመልሱበት ቤት ታውቃላችሁ። ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ ፓስታ፣ ብስኩትና ጭማቂ በቅናሽ የሚያወጡም አሉ፤ በሳምንት ውስጥ የምታልቅ ነገር ከሆነች ውሰዱ። ለአስቤዛ ስትገቡ ግን የጻፋችሁትን ወረቀት ይዛችሁ ግቡ፤ ልጆችንም ቢቻል ቤት ተዋቸው።

አትክልትና ዓሣ

አትክልት ከሱፐርማርኬት አትግዙ። የቆጋ መስኖና የፎገራ ሽንኩርት በበጋ ሲገባ ገበያው ላይ በርካሽ ይፈስሳል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ሊመለስ የቸኮለ ገበሬ ደግሞ የተረፈውን ይቀንሳል። የእሁድ ገበያም ለቲማቲምና ለድንች ጥሩ ነው። መንገድ ሲዘጋ ግን ዋጋው በአንድ ቀን ይገለበጣልና ሽንኩርትና ድንችን የመሰለ ትንሽ የሚቆይ ነገር ቤት መኖሩ ይረዳል። ከዘጌ የሚመጣውን ሎሚና ቡና ከአምጪዎቹ እጅ ካገኛችሁት ሱቅ ድረስ መሄድም አያስፈልግም።

ዓሣ ላይ የጣና ዳር ሰው መታለል የለበትም። ከአጥንቱ ተለይቶ የተፈለጠው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ለዓይን ያምራል፤ ዋጋውም ከሙሉው ዓሣ በኪሎ ብዙ እጥፍ ነው። ከአንድ ኪሎ ሙሉ ቆሮሶ የሚወጣው ሥጋ ሲሶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የሙሉው ዓሣ ዋጋ በሦስት ተባዝቶ ከተፈለጠው ዋጋ ቢያንስ ሙሉውን ግዙ፤ ቢበልጥ የተፈለጠውን ውሰዱ። ሙሉውን የገዛ ሰው ጭንቅላቱና አጥንቱ ለሾርባ ይተርፈዋል፤ ስለዚህ ዋጋው እኩል እንኳ ቢሆን እኔ ሙሉውን እመርጣለሁ። ስንጥቡ (የሚተነፍስበት) ቀይ፣ ዓይኑ ጥርት ያለ ይሁን። አምባዛ ሲረክስ ለወጥ ከቆሮሶ አያንስም። በዐቢይ ጾም ዓሣ የሚፈልገው ሰው ስለሚበዛ ዋጋው ይወጣል፤ ያን ጊዜ ሽሮና ምስር ይሻላል። ለበዓል ሥጋ ከሆነ ደግሞ ከሥጋ ቤት ከመግዛት ከጎረቤት ጋር ቅርጫ መግባት ያዋጣል።

የሰፈር ሱቅና ዱቤ

ስኳር በሩብ ኪሎ፣ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ከሰፈር ሱቅ የሚገዛ ቤተሰብ ከሁሉም በላይ ውድ ዋጋ ይከፍላል። ይህን የሚያደርገው ሒሳብ ስለማያውቅ አይደለም፤ ካርቶን የሚገዛበት ብር በእጁ ስለሌለ ነው። ባለሱቁ ልጅ ታሞ እጅ ባጠረ ቀን በዱቤ የሚሰጥ ጎረቤት ነውና ክፉ አልናገረውም። ለድንገተኛ ቀን ይቀመጥ፤ የወሩ ቀለብ ግን በእሱ ላይ አይጣል።

መውጫው መጣመር ነው። አራት ጎረቤቶች አንድ ባለ 20 ሊትር ዘይት ገዝተው አምስት አምስት ሊትር ቢካፈሉ በጅምላ ዋጋ ይበላሉ፤ የባጃጁንም ክፍያ ይጋራሉ። ለጤፍ የሚሆን ዕቁብ ግን እንደተለመደው በዕጣ አይሁን። ዕጣው በሐምሌ የደረሰው ሰው ጤፍ በተወደደበት ወር ይገዛልና አይጠቀምም። ከሰኔ ጀምሮ በየወሩ ይዋጣ፤ ገንዘቡ በሦስት ሰው ፊርማ ባንክ ይቀመጥ። ጥር ላይ ጤፍ የሚያውቁ ሁለት እናቶች ተመርጠው ለሁሉም አንድ ላይ ይሸምቱ፤ ክፍፍሉም ሁሉም ባለበት፣ በሚዛን፣ እዚያው ጆንያው እንደወረደ ይሁን።