ጋቢናው ሲግል ጭኑ ተኝቶ ነበር፦ ለአንድ የአዳማ አሰልጣኝ ምስጋና

አዳማ ውስጥ ስኳር ያለበት፣ ጉልበቱን የሚያመው ወይም ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ዘመድ ያላችሁ ሰዎች ይህን አንብቡልኝ። ላመሰግነው የምፈልገው አንድ ወጣት የአካል ብቃት አሰልጣኝ አለ። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል። «እትዬ፣ አሁን የሚመጡትን ሰዎች እንኳ በቅጡ ማስተናገድ አቅቶኛል» ነው ያለኝ። ቃሉን አከብራለሁ፤ ሥራውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ባለቤቴ ዕድሜውን በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ሲያሽከረክር የኖረ ሰው ነው። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ከተገኘበት ዓመታት አልፈዋል። ሐኪሙ በየቀጠሮው «እንቅስቃሴ አድርግ» ይለዋል፤ እሱም በየቀጠሮው «እሺ» ይላል። ከምን እንደሚጀመር፣ ክኒን ከመውሰድ በፊት ይሁን በኋላ፣ ጉልበቱ ሲያመው ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግረው ግን አልነበረም። መጀመሪያ የገባበት ማሠልጠኛ ደግሞ ከሹራቡ ሥር ላስቲክ አልብሰው በአዳማ ፀሐይ አሯሯጡት። ላቡ ሲንጠባጠብ «ስቡ እየቀለጠ ነው» ተባለ። ሚዛን ላይ ሲወጣ በእርግጥም ቀንሶ ነበር። ማታ ጠርሙስ ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ኪሎው ወደ ቦታው ተመለሰ።

አሁን የማመሰግነው ልጅ ገና በመጀመሪያው ቀን ያንን ላስቲክ አስወለቀው። ላብ ውሃና ጨው እንጂ ስብ እንዳልሆነ፣ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ውሃ ሲያጥረው ደግሞ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ይበልጥ እንደሚከማች በትዕግሥት አስረዳው። ከዚያ ወደ ስፖርት የገባ መስሎኝ ነበር። አልገባም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና መጠየቅ ጀመረ። «ጋሼ፣ ቁርስ በልተዋል? የሚወስዱት ክኒን ስሙ ማን ነው? ስንት ሰዓት ላይ ወሰዱት?» ባለቤቴ የክኒኑን ስም አያውቅም፤ «ነጯ» አለ። ልጁ ወደ ቤት ላከኝና ማሸጊያውን ይዤ መጣሁ። ሜትፎርሚን ብቻ ሳይሆን ግሊቤንክላሚድም እንደሚወስድ ያወቀው ያኔ ነው። ሜትፎርሚን ለብቻው ሲወሰድ ስኳርን ከሚገባው በታች የማውረድ አደጋው ትንሽ ነው፤ ግሊቤንክላሚድ ግን ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ስለሚገፋፋ፣ በላዩ ስፖርት ሲጨመርበት ስኳሩን በድንገት ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ ከስፖርት በፊት ስኳሩን ይለካል፤ በዴሲ ሊትር ደም ከ90 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ትንሽ ነገር ሳይቀምስ አይጀምርም። ማንቀጥቀጥ፣ ብርድ ብርድ የሚል ላብ ወይም መደናገር ከመጣ ወዲያው አቁሞ ስኳር ይወስዳል። እስከ ዛሬ ኪሱ ውስጥ ከረሜላ አይጠፋም። የልጅ ልጆቻችን ይህን ስላወቁ ኪሱን መሙላት የእኔ ሥራ ሆኗል።

ትልቁ ክርክር የተነሣው ግን በማሟሟቅ ላይ ነው። ልጁ ሳያሟሙቅ ምንም አያሠራም። ባለቤቴ ደግሞ «እኔ ከሚሌ እስከ ጋላፊ ስጋገር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከዚህ በላይ ምን ማሟሟቅ ያስፈልገኛል?» ብሎ ተቆጣ። መልሱ አሳቀኝ፦ «ጋሼ፣ የጋለው ጋቢናው ነው። የእርስዎ ጭን ተኝቶ ነበር።»

ከዚያ በዓይናችን አሳየን። ምንም ሳይሟሟቅ ከወንበር ተነሥቶ እንዲቀመጥ አዘዘው። ባለቤቴ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ እያቃሰተ ተነሣ። ቀጥሎ ሩብ ሰዓት ለሚሆን ጊዜ አረማመደው፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ በኋላ ፈጠን አድርጎ፣ ክንዱን እያወዛወዘ፣ ቁርጭምጭሚቱን እያዞረ፣ ግድግዳ ይዞ በግማሽ ብርክክ እያለ። ወደ ወንበሩ ሲመልሰው እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ተነሣ። እኔ ነኝ ያጨበጨብኩት፤ እሱ ኩሩ ነው፣ ፈገግ እንኳ አላለም።

ነገሩ ተአምር አይደለም። እረፍት ላይ ያለ የእግር ጡንቻ ከውስጠኛው የሰውነት ክፍል ይልቅ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ሥራ ሲጀምር በደቂቃዎች ውስጥ ይሞቃል። የጡንቻ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ፈጣንና ኃይል የሚጠይቅ እንቅስቃሴ ከ2 እስከ 5 በመቶ ገደማ ይሻሻላል። ምክንያቱም ጉልበት የሚያመነጩት ኬሚካዊ ሂደቶች ይፈጥናሉ፣ የነርቭ መልእክት ቶሎ ይደርሳል፣ ደምም የተሸከመውን ኦክስጅን ለጡንቻው በቀላሉ ይለቅቃል። ሙቀቱን የሚፈጥረውም ራሱ ጡንቻው ነው፤ ካቃጠለው ጉልበት ውስጥ እንቅስቃሴ የሚሆነው ሩብ ያህሉ ብቻ ሲሆን የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። እንግሊዛዊው አርቺባልድ ሂል የ1922 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሕክምና ሽልማት ያገኘው በጡንቻ ውስጥ ስለሚፈጠረው ሙቀት ባደረገው ግኝት ነው። ባለቤቴን ያሳመነው ግን ኖቤል አልነበረም። «ለካ እንደ ሞተር ነው፤ በቀዝቃዛ ሞተር ጭነት ይዞ ዳገት አይወጣም» አለና ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

እግርንና ወገብን ሳቡ፣ ወጥሩ፣ ያዙ የሚባለውን ደግሞ ልጁ ወደ መጨረሻ አዛውሮታል። ከባድ ነገር ከማንሣት በፊት አንድን ጡንቻ ከደቂቃ በላይ ወጥሮ መያዝ ለጊዜው ኃይሉን በጥቂቱ እንደሚቀንሰው ይናገራል። ይህ በትምህርት ቤት ስፖርት ከተማርነው ጋር ስለሚጋጭ ብዙ ሰው ሊቀበለው አይወድም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ በእኛ ከተማ ሙቀት ውስጥ ቁም ነገሩ ይህ ነውና። ጡንቻ መሞቁ ጥሩ ነው ማለት መላ ሰውነት መጋሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ለአጭርና ለፈጣን ሥራ ሙቀት ያግዛል፤ ለረጅም ሥራ ግን ይጎዳል። ሰውነት ሲግል ራሱን ለማቀዝቀዝ ደሙን ወደ ቆዳ ይልካል፣ ልብ ለቆዳም ለጡንቻም ለማዳረስ ትሮጣለች፣ ሰውየው ቶሎ ይዝላል። በ2019 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮና ዶሃ ላይ ማራቶን በእኩለ ሌሊት የተካሄደው በሙቀቱ ምክንያት መሆኑን ታስታውሳላችሁ፤ የእኛው ሌሊሳ ዴሲሳ ያሸነፈበት ማለቴ ነው። የዓለም ምርጦች እንኳ ከፀሐይ ሸሽተው በሌሊት ሲሮጡ፣ የስድሳ ዓመት የስኳር ሕመምተኛ በሰባት ሰዓት ፀሐይ ላስቲክ ለብሶ ሊሮጥ ነው? ልጁ አዛውንቶቹን የሚያሠራው ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነው። በበጋ ከረፋዱ በኋላ ደጅ ላይ ማንንም አያሠራም፤ ቢለምኑትም።

ስኳሩን በተመለከተ የነገረን ነገር ደግሞ ከሐኪሙ ቃል ጋር ገጥሞልኛል። ከበላን በኋላ ወደ ደም የሚገባውን ስኳር በብዛት የሚወስደው ጡንቻ ነው። በሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ኢንሱሊን በር ቢያንኳኳም ጡንቻው ቶሎ አይከፍትም። የሚሠራ ጡንቻ ግን ያለ ኢንሱሊን ትእዛዝም ስኳር ወደ ውስጡ ያስገባል፤ ከሥራው በኋላም ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ያህል ለኢንሱሊን ይበልጥ ታዛዥ ሆኖ ይቆያል። በተከታታይ ከሁለት ቀን በላይ አትዝለሉ የሚለው ምክር የመጣው ከዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ባለቤቴ መንገድ ላይ ሲሆን ይህን የት ያምጣው? ልጁ ዘዴ ፈለገለት። ምሳ በበላበት ቦታ ሁሉ ወዲያው ወደ ጋቢና አይወጣም፤ መጀመሪያ ተሳቢውን እየዞረ ይራመዳል፣ ጎማውን ይፈትሻል፣ በመሰላሉ የመጀመሪያ እርከን ላይ ደጋግሞ ይወጣል፣ ይወርዳል። ረዳቱ መጀመሪያ ላይ ይስቅበት ነበር፤ አሁን አብሮት ይዞራል።

ሶደሬን ሳላነሣ ብቀር አዳማን አላውቃትም ማለት ነው። ባለቤቴ ፍል ውሃ ይወዳል። «ውሃው ውስጥ ልቀመጥ፣ ያው መሞቅ ነው፤ ስፖርቱን ተወኝ» ብሎ ልጁን ሊያግባባው ሞከረ። ሌላ አሰልጣኝ ቢሆን ወይ ይስቅበታል ወይ ይከለክለዋል። ይህኛው ከልቡ መለሰለት። በ1999 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አንድ ሐኪም ስምንት የስኳር ሕመምተኞችን በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ለሦስት ሳምንት ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ፣ የጠዋት ስኳራቸው በአማካይ ከ182 ወደ 159 መውረዱን ጽፏል። ነገሩ መሠረት አለው ማለት ነው። «ግን ጋሼ፣ ስምንት ሰው ብቻ ናቸው፤ ውሃ ውስጥ ሳይገቡ የሚነጻጸሩ ሌሎች ሰዎችም አልነበሩም። ደግሞም ውሃው ጡንቻዎን አያጠነክርልዎትም» አለው። እንዲህ አድርጎ የሚናገር ባለሙያ በስንት ጊዜ ይገኛል? ጥቅሙንም ጉድለቱንም በአንድ ትንፋሽ።

ፍል ውሃውን አልከለከለውም፤ አስቀድሞ እግሩን በሐኪም እንዲያስፈትሽ ግን አስገደደው። ሐኪሟ ዓይኑን አስጨፍና ውስጥ እግሩን በቀጭን የናይሎን ክር ነካ ነካ ስታደርግ፣ በግራ እግሩ አውራ ጣት ሥር ምንም አልተሰማውም። ሙቀት የማይሰማው እግር ውሃ ውስጥ ተቃጥሎ ሊወጣ ይችላል፤ የስኳር ሕመምተኛ ቁስል ደግሞ እንዴት እንደሚያስቸግር ለምታውቁት አልነግራችሁም። አሁን ሶደሬ ስንሄድ ውሃውን አስቀድሜ በክርኔ የምፈትሸው እኔ ነኝ። ብዙ አይቆይም፣ ብቻውን አይገባም፣ ሲወጣም ራሱን እንዳያዞረው ቀስ ብሎ ይነሣል። ኢንሱሊን የምትወጉ ሰዎችም ሙቀት መድኃኒቱን ቶሎ ወደ ደም ሊያስገባው እንደሚችል ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ውጤቱስ? የባለቤቴ የሦስት ወር የስኳር ምርመራ ወርዷል፤ ሐኪሙ ሊጨምርለት ያሰበውን መድኃኒት ትቶታል። ደረጃ ሲወጣ ግድግዳ አይደገፍም። ስኳሩ ጠፋ አልልም፤ ልጁም እንዲህ ብሎ ቃል አይገባም። ክኒን አቁሙ የሚል አሰልጣኝ ካጋጠማችሁ ግን ጫማችሁን አንሥታችሁ ውጡ።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ሙዚቃው ለእኛ ዕድሜ ይጮኻል፣ የዘገየ ሰው ማሟሟቁ ካመለጠው ያን ቀን ክብደት አያነሣም፤ እኔ ራሴ ከበሩ ተመልሼ አውቃለሁ፣ ተናድጄም ነበር። ክፍያው መካከለኛ ነው። ለጡረተኞች ቅናሽ ያደርጋል፤ ካልጠየቃችሁት ግን አይነግራችሁም።

አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ቁርስ ብሉ፣ ጫማችሁ የማይጠብብ ይሁን፣ የምትወስዱትን ክኒን ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ። «ነጯ» ብላችሁ አታልፉትም።