የቤተሰብ ጉባኤ ወይስ አስቀድሞ የተሰየመ ወኪል?

አክስቴ ሐዋሳ ራሳቸውን ስተው ሲተኙ ልጆቻቸው ተከፈሉ። ታላቅየው «ጠበል እንውሰዳቸው» አለ፤ ፕሮቴስታንቷ እህቱ «እዚሁ እንጸልያለን፣ ኦክስጅኑ አይነቀልም» አለች። ሁለቱም የሚወዷቸው ናቸው። ታዲያ ታማሚ መናገር ሲያቅተው ስለ ሕክምናው ማን ይወስን፦ ተሰብስቦ የሚመክር ቤተሰብ ወይስ ታማሚው አስቀድሞ የሰየመው አንድ ሰው?

ጉባኤ ማንንም «አልተጠየቅሁም» አያሰኝም። ግን ሰዓቱ ይነጉዳል፣ ድምፁ የጎላው ያሸንፋል፤ የታማሚዋ ፍላጎት ይረሳል። እኔ ወኪልን እመርጣለሁ፤ በጤናቸው ጊዜ ቃላቸውን የሰማ አንድ ሰው። የይሖዋ ምሥክሮች ደም አንወስድም የሚል የተፈረመ ካርድ የሚይዙት ለዚሁ ነው፤ በሐሳባቸው ባልስማማም ሐኪሙ በዘመድ ግምት አይዋልልም። ወኪሉ ግን ከወንድሞቹ ጋር ሊቀያየም ይችላል፤ ይህ ቀላል ዋጋ አይደለም።

ጠበሉን በተመለከተ ነርሷ መላ አገኘች፦ ግንባራቸውን በጥጥ አረጠበች፣ በአፋቸው ግን ከለከለች። ራሱን የሳተ ሰው በደንብ ስለማይውጥ ውሃው ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል።