ከቆጣሪ እስከ ቤት ያለውን የድሮ የብረት ቧንቧ በኤችዲፒኢ ቀይረን፦ ክረምትና በጋ ካለፈበት በኋላ

መሬት ውስጥ ተቀብሮ የኖረውን ጋልቫናይዝድ ቧንቧ አውጥተን በጥቁሩ ፕላስቲክ፣ በኤችዲፒኢ ከቀየርነው አንድ ክረምትና አንድ በጋ አልፎበታል። አሁን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ቤታችሁ እንደኛ አዲስ አበባ ጥቁር አፈር ላይ ከሆነና ቧንቧው የድሮ ብረት ከሆነ መጠገኑን ተዉት፣ ቀይሩት።

ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ብረት ደግሞ እንደ አፈሩ አይሆንም፤ ጫናው ሁሉ የሚያርፈው ጥርስ የወጣለት መገጣጠሚያ ላይ ነው። እኛ ጋ አንዱን ስናስጠግን ሌላው ይለቅ ነበር። በዚያ ላይ ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሲጠፋ ቧንቧው ባዶ ይሆንና አየር ይገባዋል፣ እርጥብ ብረት አየር ካገኘ ደግሞ መዛጉ አይቀርም። ያወጣነውን በግራይንደር አስቆርጬ ውስጡን አየሁት። የግማሽ ኢንች ቧንቧ በቡናማ ቅርፊት ተደፍኖ እስክሪብቶ እንኳ በግድ ነው የሚያልፍበት! ከቆጣሪ ወዲህ የፈሰሰው ውሃ ሂሳብም የባለቤቱ ነው፣ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር ታሪፉም ይጨምራል። እኔን ግን ከብሩ በላይ ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ውሃ ሲጠፋ ግፊት ስለማይኖር በዚያው ቀዳዳ የመሬቱ ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ልጆች የሚጠጡት እኮ ነው።

የገዛነው 25 ሚሊሜትር፣ 16 ባር የውሃ ግፊት የሚችል፣ ሰማያዊ መስመር ያለበት ነው። 25 የሚባለው የውጭ ስፋቱ ስለሆነ የውስጡን ጠይቁ። ሠራተኛው ፒፒአር የሚባለው ሌላ ዓይነት የፕላስቲክ ቧንቧ ይሻላል ብሎ ነበር። ፒፒአር ቤት ውስጥ ጥሩ ነው፣ ግን በዘንግ ስለሚሸጥ በየአራት ሜትሩ መቀጠል አለበት። ኤችዲፒኢ ጥቅልል ነው። ከቆጣሪው እስከ ቤቱ ግድግዳ አንድ ወጥ ሆኖ ገባ፣ መሬት ውስጥ አንድም መገጣጠሚያ የለም። ለእኔ ዋናው ጥቅሙ ይኼ ነው።

ውጤቱ? ድሮ ውሃው መጥቶ እስኪሄድ ግማሽ የማይደርሰው ሮቶ አሁን ሌሊቱን ሞልቶ ያድራል። አልፎ አልፎ ማታ ሁሉንም ዘግቼ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሿን የምትሽከረከር ኮከብ አያታለሁ፤ ንቅንቅ አትልም፣ የሚያፈስ የለም ማለት ነው።

እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። ቆጣሪው ጋ ያለው ማያያዣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ መንጠባጠብ ጀመረ። ሠራተኛው የቧንቧውን ጫፍ በመጋዝ ቆርጦ ሳይሞርድ ስለከተተው የውስጧ ጎማ ተቆርጣ ነበር። ጎማዋ ተቀይራ ጫፉ ሲሞረድ ቆመ። ስትገጥሙ አጠገቡ ቁሙና ጫፉ ተሞርዶ፣ በሳሙና ውሃ ረጥቦ መግባቱን እዩ። ጉድጓዱን ወደ 60 ሳንቲሜትር አስቆፍረን ከሥርም ከላይም አሸዋ አልብሰነዋል፤ ድንጋይ በቀጥታ እንዳይነካው ነው። ያም ሆኖ አፈሩ ክረምት ላይ ሰምጧል፣ ስለዚህ ጉድጓዱ ላይ የሚነጠፈውን ሴራሚክ ከክረምት በኋላ አስነጥፉ። የቤቱ ውስጥ መስመር ገና ብረት ስለሆነ ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያው ውሃ አሁንም ትንሽ ይደፈርሳል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። አንዳንድ የቆየ ቤት የኤሌክትሪኩ አርዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሰው እንዳይመታ ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ፣ የታሰረው ከዚሁ የብረት ቧንቧ ጋር ነው። ፕላስቲክ ሲገባ ያ አርዝ ይቋረጣል፣ መብራቱ ግን እንደወትሮው ስለሚሠራ ማንም አያውቅም። ከመቆፈራችሁ በፊት ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አሳዩት፤ ከቧንቧው ጋር ከሆነ ለብቻው የአርዝ ዘንግ ይቀበርለት።