የዘጌ ቡና ወይስ ጥቅል ጎመን?

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቁጭ ብለን የዘጌ ቡና ስንጠጣ ጓደኛዬ «ቡና እርጅናን ያዘገያል» አለኝ። እኔ ደግሞ ከገበያ የያዝኩትን ጥቅል ጎመን አሳየሁት።

ሁለቱም ሴሎቻችንን የሚያናግሩት በሪሴፕተር በኩል ነው። ሪሴፕተርን እንደ በር ቁልፍ ቀዳዳ አስቡት።

ከቡናው እንጀምር። ካፌይን፣ አዴኖሲን የተባለው የድካም መልእክተኛ የሚያርፍበትን ሪሴፕተር ይዘጋል፤ እንቅልፍ የሚጠፋውም ለዚህ ነው። ግን ነገሩ የካፌይን ብቻ አይመስልም፣ ምክንያቱም ካፌይኑ የወጣለትን ቡና የሚጠጡትም ላይ በትላልቅ ጥናቶች ዝቅ ያለ የሞት መጠን ታይቷል። ስለዚህ እንደ ክሎሮጀኒክ አሲድ ያሉት ሌሎች የቡና ንጥረ ነገሮችም ድርሻ እንዳላቸው ይጠረጠራል። ክሎሮጀኒክ አሲዱ ደግሞ ቡናው በጠቆረ ቁጥር ይቀንሳል፤ እባካችሁ ስትቆሉ አታሳርሩት!

ጎመኑ ሲከተፍ ኢንዶል-3-ካርቢኖል የሚባል ንጥረ ነገር ይወጣዋል። ይህ ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ኤኤችአር የሚባለውን ሪሴፕተር ወደሚያነቃ ነገር ይለወጣል። አይጦች ላይ እንደታየው ይህ ሪሴፕተር የአንጀትን ግድግዳ የሚጠብቁ የበሽታ መከላከያ ሴሎች እንዳይመናመኑ ያደርጋል። ከትፋችሁ ጥቂት ደቂቃ አቆዩትና ከዚያ አብስሉት፣ ውሃ ውስጥ ረጅም ሰዓት ከተቀቀለ ብዙው ይባክናል።

በሰው ላይ የተሰበሰበው መረጃ ለቡና ይበዛል፤ እውነት ነው። ያ ግን ጠጪዎችን በመከታተል የተገኘ ነው፣ ምክንያቱ ቡናው ራሱ መሆኑን አያረጋግጥም። እኔ ጎመኑን አስቀድማለሁ፤ መንገዱ ይበልጥ ግልጽ ነው፣ አሰርም አለው፣ እንቅልፍም አይነሳኝም። ቡናውን ከሰዓት በፊት እጠጣለሁ።