ከዓባይ ወዲህና ከዓባይ ማዶ፦ ሁለት ዓይነት የካቶሊክ አደረጃጀት

ጎጃም ውስጥ «ካቶሊክ» ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የፈረንጅ ቅዳሴ ነው። የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት ግን የግእዝ ሥርዓት ተከታይ ነው። ቅዳሴው ለጎጃሜ ጆሮ ብዙም እንግዳ አይደለም። ዓባይን ተሻግረው ነቀምቴ ሲገቡ ነገሩ ይለያል፤ እዚያ ያለው የላቲን ሥርዓት፣ ማለትም ያ የፈረንጁ ቅዳሴ ነው።

ልዩነቱ በቅዳሴ አያበቃም። ነቀምቴ ሐዋርያዊ ቪካሪያት ነው። ጳጳሱ የሚያስተዳድሩት በሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ስም ነው፤ ተጠሪነቱም በቀጥታ ለቅድስት መንበር (ለቫቲካን) ነው። ሐዋሳ፣ መቂና ሶዶም እንደዚያው ናቸው። ባሕር ዳር ደሴ ግን ሙሉ ሀገረ ስብከት ነው። ጳጳሱ በራሳቸው ሥልጣን ያስተዳድራሉ። ከዓዲግራትና ከእምድብር ሀገረ ስብከቶች ጋር ደግሞ የአዲስ አበባውን ሊቀ ጳጳሳት እንደ ታላቅ ወንድም ይዘዋል።

የባሕር ዳር ደሴ ዕድሜ ገና ለጋ ነው። ጎጃም ቀድሞ በአዲስ አበባ ሥር ነበር። ራሱን የቻለ ሀገረ ስብከት የተቋቋመው ጥር 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው፤ ታስቦበት ይሁን አይሁን፣ ዕለቱ ጥምቀት ነበር! በዚያው ቀን የኤርትራ ካቶሊኮችም በአስመራ ሥር ራሳቸውን ችለው ተደራጁ።

እኔን ብትጠይቁኝ ለጎጃም የግእዙ ይስማማዋል። ቪካሪያት ለሚስዮን ሥራ የተመቸ ነው፤ እዚህ ግን ምእመኑ የሚያውቀውን ዜማ መስማቱ ብዙ ያግዛል። ችግሩ ስፋቱ ላይ ነው። ከጎጃም እስከ ወሎ፣ በዚያ ላይ መተከል ሲጨመር፣ ለአንድ ጳጳስ ቀላል መንገድ አይደለም።