መሃል ከተማ ርካሽ ቤት ለምትፈልጉ፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ቴሌግራም ላይ «ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ባለ አንድ መኝታ፣ 12,000 ብር፣ ቶሎ ለሚገባ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እባካችሁ ገንዘብ እንዳትልኩ። ፎቶው እውነተኛ ነው። ቤቱም አለ። በሩን በቁልፍ ከፍቶ የሚያሳያችሁ ሰውም አለ። ቤቱ ግን የእሱ አይደለም፤ የማከራየት መብትም የለውም።

እኔና ባለቤቴ ለዚህ ቤት 10,000 ብር ቀብድ ከፍለናል። እስካሁን አልተመለሰልንም። በዚሁ ቤት የተበላነው እኛ ብቻ እንዳልሆንን ስላወቅኩ ነው ይህን የምጽፈው። አሁን መሃል ከተማ ቤት የሚፈልግ ሰው በጣም ብዙ ነው። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ ለልማት ሲነሳ በግለሰብ ቤት ተከራይቶ ይኖር የነበረው ሁሉ ዕቃውን ይዞ ሌላ ሰፈር መፈለግ ነበረበት። ሥራው መሃል ከተማ ነው፣ የልጁ ትምህርት ቤት እዚያው ነው። የቸገረው ሰው ደግሞ ይቸኩላል። እነዚህ ሰዎች የሚጠብቁት ያንን ችኮላ ነው።

አካሄዳቸው እንዲህ ነው። ደላላው ስልክ ላይ ትሁት ነው። ባቡር ጣቢያው ጋ ጠብቆ ይቀበላችኋል። እየሄዳችሁ ስለ ሰፈሩ ይነግራችኋል፤ ጥበቃ አለ፣ ለሜክሲኮም ለመርካቶም ቅርብ ነው፣ ታክሲ አይጠፋም። የሚለው እውነት ነው፤ ልደታ ለብዙ ነገር ቅርብ ነው። ቤቱ ስትደርሱ ሌላ ሰው ይጠብቃችኋል። ረጋ ብሎ ነው የሚናገረው። «የባለቤቷ ወንድም ነኝ፣ እህቴ ዱባይ ናት» ይላል።

ዋጋው ለምን ዝቅ እንዳለ ስትጠይቁ መልሱ ዝግጁ ነው። «እህቴ የብር ጉዳይ አይደለም የያዛት፤ ቤቷን የሚጠብቅላት ጨዋ ሰው ነው የምትፈልገው።» እዚያው ብሎክ ላይ እንዲህ ያለ ቤት ከ20,000 ብር በታች እንደማይገኝ በኋላ ጎረቤት ነግሮናል።

ከዚያ የደላላው ስልክ ይጠራል። «ሰዎች እያዩት ነው፣ ማታ እደውልልሃለሁ» ይላል፣ እናንተ እንድትሰሙት ጮክ ብሎ። ስልኩን ዘግቶ ወደ እናንተ ይዞራል። «እህቴ፣ የስድስት ወር ይዞ የሚመጣ ሰው አለ። እኔ ግን ለእናንተ ቢሆን ደስ ይለኛል። ትንሽ ነገር አስይዙና ልዝጋው።» በቴሌብር ላክን። የመጣው የተቀባይ ስም «ወንድሟ» ነኝ ያለን ሰው ስም አልነበረም። ስንጠይቅ «የሚስቴ ስልክ ነው» አለ።

በማግስቱ የስድስት ወር ቅድሚያ መጣ። 72,000 ብር፣ ያውም በካሽ። ባለቤቴ «ውሉን ወረዳ ሄደን እናስመዝግብ፣ ክፍያውም በባንክ ይሁን» አላቸው። ያኔ ሁሉ ነገር ተለወጠ። መጀመሪያ «ወረዳ ምን ይሠራል፣ ግብር ውስጥ ልትከቱን ነው?» አሉ። ቀጥለው «ውክልናው ገና አልታደሰም» አሉ። በመጨረሻ «ካልተስማማችሁ ቀብድ አይመለስም፣ ሕጉ ነው» ብለው ስልክ ማንሳት አቆሙ።

ወደ ብሎኩ ተመልሰን ፊት ለፊት ያለውን በር አንኳኳን። የከፈቱልን እናት ገና ሳንጨርስ «ውይ ልጄ፣ እናንተም?» አሉን። ሰውየው ራሱ ተከራይ ነው። ባለቤቷ ዱባይ አይደለችም፣ የምትኖረው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። የብሎኩ ኮሚቴ ነግሯት ልቀቅልኝ ብላዋለች። እሱ ግን ውል አለኝ ብሎ እስካሁን እዚያው ነው። ማስታወቂያውም እንደዚያው።

ስለ ቀብድ የነገሩን ነገር በጣም ያናድደኛል፤ ግማሹን ብቻ ነውና። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 ሁለቱንም ወገን ነው የሚያስረው። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል። ቀብድ የተቀበለው ቢተው ግን እጥፍ አድርጎ ነው የሚመልሰው። ደላላ ይህን ሁለተኛውን ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። የሰው ቤት የእኔ ነው ብሎ ቀብድ መቀበል ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይከፋል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የማታለል ወንጀል የሚለው ይህን መሰሉን ነው።

የስድስት ወር ቅድሚያውም ሕገወጥ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መቀበል አይችልም። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት። በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ አዲስ አበባ ላይ ይህ የሚሠራው ወረዳ ነው። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም። ጭማሪም አከራዩ ደስ ባለው ወር የሚያመጣው ነገር አይደለም፤ በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል ባወጣው ልክ ነው። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ መሆን አለበት።

አውቃለሁ፣ ብዙ አከራይ ይህን ሁሉ አይቀበልም። «ይህን ሕግ ካወራችሁ ቤት አታገኙም» የሚል ሰው ሞልቷል። ቤት ፍለጋ የደከመ ሰው የሦስት ወር ቅድሚያ ቢከፍል አልፈርድበትም። በአንድ ነገር ግን እንዳትለሳለሱ እለምናችኋለሁ። ውሉን ወረዳ ለማስመዝገብ የማይፈቅድ ሰው ላይ ብር አታፍስሱ። እውነተኛ ባለቤት ግብሩን ፈርቶ ሊያንገራግር ይችላል። አጭበርባሪው ግን ጨርሶ ወረዳ ሊሄድ አይችልም፤ እዚያ የሚያሳየው ካርታ የለውም። ስለዚህ የወረዳው ጥያቄ ቀብድ ከተከፈለ በኋላ ሳይሆን ቤቱን እያያችሁ፣ እዚያው መነሳት አለበት።

ካርታ ስትጠይቁ ፎቶውን በስልክ አሳይቶ ሊያልፍ ለሚፈልግ አትፍቀዱ። በእጃችሁ ያዙት። የብሎክና የቤት ቁጥሩን በሩ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ስሙን ከሰውየው መታወቂያ፣ ፋይዳ ካለው ከፋይዳው ጋር አስተያዩ። ኮንዶሚኒየሙ ገና ካርታ ያልወጣለት ከሆነ ባለቤቱ ቤቱን የተረከበበት ውል ይኖረዋል። ወንድም ነኝ፣ አክስት ነኝ የሚል ሰው ውክልና ይኑረው። ውክልናውን አንብቡት። ማከራየትና የኪራይ ገንዘብ መቀበል እንደሚችል በግልጽ የተጻፈ መሆኑን እዩ። ከዚያ ውልና ማስረጃ ወስዳችሁ ትክክለኛ መሆኑንና ያልተሻረ መሆኑን አረጋግጡ። ባለቤቷ ውጭ አገር ናት ከተባለ በቪዲዮ ደውሉላት፤ የምታናግራችሁ ሴት ግን ማን እንደሆነች ከመታወቂያዋ ጋር ካላስተያያችሁ የቪዲዮው ጥሪ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

ከሰነዱ እኩል የሚጠቅመው ጎረቤት ነው። ደላላው ሳይኖር፣ በሌላ ሰዓት፣ ብቻችሁን ተመለሱ። ጥበቃውን ጠይቁ። የብሎኩን ኮሚቴ ጠይቁ። ፊት ለፊት ያለውን በር አንኳኩ። እኛ በተበላንበት ብሎክ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ የሚጠይቅ ብቻ ነበር የጠፋው። እግረ መንገዳችሁን ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣና እላይኛው ፎቅ ድረስ እንደሚወጣ ጠይቁ፣ የመብራትና የውሃ ውዝፍ መኖሩንም እንዲሁ።

የቀበሌ ቤት ሌላ ጉድ ነው። መሃል ከተማ ባሉ የቆዩ ሰፈሮች «ግቢ ውስጥ፣ ርካሽ» ተብሎ የሚከራየው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በ1967 በአዋጅ 47 ወደ መንግሥት የዞሩት ቤቶች ናቸው። እዚያ የሚኖረው ሰው ራሱ የመንግሥት ተከራይ ነው፤ ለሌላ ማከራየት አልተፈቀደለትም። ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ኑሮ ከብዶት አንዷን ክፍል ለቆላችሁ ሊሆን ይችላል። እሱ ላይ አልፈርድም። ግን ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ምትክ ቤት የሚታሰብለት በስሙ የተመዘገበው ተከራይ ነው። እናንተ ወረዳው መዝገብ ላይ የላችሁም። የከፈላችሁትን ቅድሚያ የሚመልስ አካል የለም። አከራዩ ካርታ ሳይሆን የቀበሌ ኪራይ ደረሰኝ ካሳያችሁ ነገሩ ይኸው ነው። ከወር ወር እየከፈላችሁ ልትኖሩበት ትችሉ ይሆናል፤ የብዙ ወር ቅድሚያ ግን በፍጹም።

አንድ የተለመደ ነገር ልጨምር። ትክክለኛ ባለቤት ሆኖም «ኪራዩ 20,000 ነው፣ ውሉ ላይ ግን 8,000 ብለን እንጻፍ» የሚል አለ። የኪራይ ገቢ ግብሩን ለማሳነስ ነው። ለእናንተ ጥቅም እንዳለው አድርጎ ነው የሚያቀርበው። ጸብ የመጣ ቀን ግን ዳኛው ፊት ያለው ወረቀት 8,000 ነው የሚለው። የቀረውን 12,000 በካሽ ሰጥታችኋል፣ ምስክር የላችሁም። ቅድሚያችሁን አስመልሱልኝ ብትሉ ምን ይዛችሁ?

ለመሆኑ መሃል ከተማ በአቅም የሚገኝ ቤት ጨርሶ የለም ወይ? አለ፣ ግን እምብርቱ ላይ አይደለም። እኛ አሁን ፊታችንን ያዞርነው ወደ ሽሮ ሜዳና ፈረንሳይ ሌጋሲዮን ነው። ኮንዶሚኒየም ብዙም የለም፤ የሚገኘው ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ቤት ወይም ባለ ሁለት ክፍል ነው። ዳገቱ ያደክማል። ነገር ግን ከሽሮ ሜዳ ስድስት ኪሎና አራት ኪሎ፣ ከፈረንሳይም እንዲሁ አራት ኪሎና ፒያሳ በአንድ ታክሲ ይደረሳል። በደቡብ በኩል ቄራና ጎፋ አሉ። ከሜክሲኮና ከስታዲየም ጎን መሥራት ለሚፈልግ ደግሞ የባቡሩን መስመር ተከትሎ በአንድ በኩል ጦር ኃይሎች፣ በሌላ በኩል ሳሪስ ድረስ ማየት ይቻላል፤ ባቡሩ ጠዋትና ማታ መጨናነቁን ግን አስቡበት። እነዚህም ሰፈሮች ርካሽ ሆነው አይደለም። ዋጋቸው ከጎረቤቱ ዋጋ ጋር ይቀራረባል፣ ለእኔ ዋናው ማረጋገጫ ይህ ነው። በአንድ ብሎክ ውስጥ አንዱ ቤት ብቻ በግማሽ ዋጋ ከተለጠፈ ምክንያቱን ሳታውቁ ወደ ቴሌብር አትግቡ።

አሁን ስለ እኛ ጉዳይ። ፖሊስ ጣቢያ አመልክተናል። መጀመሪያ «ይህ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፣ ፍርድ ቤት ሂዱ» ተባልን። የተቀባዩ ስም የተለየ መሆኑን፣ «ወንድሟ ነኝ» ያለን ሰው ራሱ ተከራይ መሆኑን፣ ጎረቤቶችም የሚመሰክሩ መሆኑን በጽሑፍ አድርገን ስንመለስ ነው ቃላችንን የተቀበሉን። እውነተኛዋ የቤቱ ባለቤትም ካርታዋን ይዛ መጥታ ቃል ሰጥታለች። መርማሪው እንደነገረን አንድ ሰው ብቻ ሲያመለክት «አለመግባባት ነው» ብሎ ማምለጥ ይቀላል፤ ብዙ ሰው በአንድ ቤት ቀብድ መክፈሉ ሲታይ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

ስለዚህ በዚያ ቤት ቀብድ የከፈላችሁ ካላችሁ የቴሌብር ወይም የባንክ መልእክቱን አታጥፉ። የማስታወቂያውን ፎቶና ከደላላው ጋር የተጻጻፋችሁትን ቀድታችሁ አስቀምጡ፤ እነሱ ከእነሱ በኩል ያጠፉታል። የደወላችሁበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ያመለከትንበትን ጣቢያና የመዝገቡን ቁጥር እሰጣችኋለሁ። ትንሽ ብር ነው ብላችሁ የተዋችሁትም ብትሆኑ ኑ፤ የእያንዳንዳችሁ ደረሰኝ ለመዝገቡ ያስፈልጋል።