ላምቦርጊኒ ሚዩራ፦ ቆሞ ሲታይና ሲነዳ

የቀድሞ ዘመን የጣሊያን የስፖርት መኪና ወዳጆች በብዙ ነገር አይስማሙም። የፌራሪው ወዳጅ የላምቦርጊኒን ታሪክ የትናንት ነው ብሎ ያቃልላል፤ የላምቦርጊኒው ወዳጅ በበኩሉ ፌራሪ በእሽቅድምድም ስሙ ይነግዳል ይላል። በጣሊያን ምድር ከተሠሩት ሁሉ ውቡ የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ግን፣ ጎራ ለይተው ሲከራከሩ የቆዩት ሳይቀሩ አብዛኛውን ጊዜ ላምቦርጊኒ ሚዩራ ላይ ይገናኛሉ። ይህ ግምገማ ሚዩራን ለገበያ እንደቀረበ እንደ ማንኛውም ዕቃ ለመመዘን የተጻፈ ነው። አቋሜን አስቀድሜ ለመናገር ያህል፣ መኪናው የሚቸረው አድናቆት ይገባዋል፤ ነገር ግን ብዙዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት ፍጥነቱ ከሚደነቅባቸው ነገሮች ሁሉ ደካማው ነው።

ፌሩቾ ላምቦርጊኒ በትራክተር ሥራ የከበረ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ቦሎኛ አቅራቢያ በምትገኘው ሳንታጋታ ቦሎኜዜ የመኪና ፋብሪካ ሲከፍት ያሰበው ፈጣን፣ ምቹና ለረጅም መንገድ የሚሆን መኪና ለመሥራት እንጂ በውድድር ለመግባት አልነበረም። እርሱ ዘንድ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩት መሐንዲሶች ጃን ፓኦሎ ዳላራና ፓኦሎ ስታንዛኒ፣ እንዲሁም ኒውዚላንዳዊው የሙከራ አሽከርካሪ ቦብ ዋላስ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ወጣቶች ስለነበሩ ልባቸው ያለው ውድድር ሜዳ ላይ ነበር። በጊዜው የውድድር መኪኖች ሞተራቸውን ከአሽከርካሪው ኋላ ማድረግ ጀምረዋል፤ ለመንገድ ከሚሸጡት ውስጥም እንደ ፈረንሳዩ ረኔ ቦኔ ጄት ያሉ አነስተኛ ሞተር ያላቸው ጥቂት መኪኖች ይህንኑ አቀማመጥ ሞክረውታል። ወጣቶቹን የሚለያቸው የፋብሪካውን ባለ12 ሲሊንደር ትልቅ ሞተር ከመቀመጫዎቹ ኋላ ለማስገባት መድፈራቸው ነው።

ይህን ሞተር እንደ ልማዱ በቁመቱ አስቀምጦ ካምቢዮውን ከኋላው ማስከተል መኪናውን ከልክ በላይ ያስረዝመዋል። ስለዚህ ሞተሩን በመኪናው ወርድ አጋደሙት፤ ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉንም ከሞተሩ ጋር በአንድ የአሉሚኒየም አካል ውስጥ አዋሐዱት፤ ለዚህም የእንግሊዟ ትንሽ መኪና ሚኒ አርአያ ሆናቸዋለች። ክብደቱ እንዲቀንስ በየቦታው የተበሳሳው ሻንሲ በኖቬምበር 1965 የቱሪን የመኪና ትርኢት ላይ ያለ ቦዲ ራቁቱን ቀረበ። ቤርቶኔ የተባለው የቱሪን ቦዲ ሠሪ ሥራውን ተረከበ፤ ንድፉን ማርቼሎ ጋንዲኒ የተባለ የ27 ዓመት ወጣት አወጣ፤ መኪናውም በማርች 1966 ጄኔቫ ላይ ለሕዝብ ታየ። ከባዶ ሻንሲ እስከ ሙሉ መኪና የወሰደው ጊዜ አራት ወር ገደማ ብቻ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ወደፊት ከምዘረዝራቸው እንከኖች ብዙዎቹ የዚህ ጥድፊያ ውጤቶች ናቸውና። ስሙ በስፔን ለፍልሚያ የሚሆኑ ኮርማዎችን በማርባት ከታወቀው ከሚዩራ ቤተሰብ የተወሰደ ነው።

አሁን ወደ መኪናው እንቅረብ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ጣሪያው ከመካከለኛ ሰው ወገብ ብዙም አይበልጥም፤ ፎቶግራፍ ላይ ትልቅ መስሎ የታየው ሰው አጠገቡ ሲቆም ይገረማል። የፊት መብራቶቹ ከፊያት 850 ስፓይደር የተወሰዱ ናቸው፤ ሲጠፉ ወደ ሰማይ አንጋጠው ከኮፋኖው ጋር ይስተካከላሉ፣ ሲበሩ ደግሞ ከፍ ይላሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓይነቶች ላይ መብራቱን ከላይና ከታች የከበቡት ጥቋቁር ዘንጎች ወዳጆቹ ቅንድብ የሚሏቸው ናቸው። በበሩ መስታወት ኋላ አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገቡ ጥቋቁር ርብራቦች አሉ፤ የበሩ እጀታ ከእነዚሁ ርብራቦች መካከል ተመሳስሎ ስለተሠራ፣ መኪናውን የማያውቅ ሰው በሩን የሚከፍትበትን ቦታ ፈልጎ ያጣል። ሁለቱ በሮች ሙሉ በሙሉ ተከፍተው ከፊት ሲታዩ የኮርማ ቀንድ ይመስላሉ። ከኋላ በመስታወት ፋንታ የሞተሩን ክፍል የሚሸፍኑ ሰፋፊ ርብራቦች ተደርድረዋል፤ ሙቀት ያስወጣሉ፣ የአሽከርካሪውን የኋላ እይታ ግን በእጅጉ ይቀንሳሉ። የፊቱም የኋላውም የቦዲ ክፍል እያንዳንዱ እንደ አንድ ክዳን ተነሥቶ ይከፈታል፤ የኋላው ሲነሣ ካምቢዮውን ያቀፈው ሞተር፣ ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚደባልቁት ካርቡሬተሮችና ማርሚታው በአንድ እይታ ይገለጣሉ። እንደ እኔ ግምት የጋንዲኒ ብልሃት የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ለጌጥ ብቻ የተጨመረ መስመር ከቅንድቦቹ በቀር አይገኝበትም፣ የቀረው ሁሉ ሥራ አለው።

ውስጡ ሌላ ነገር ነው። ፍጥነትና የሞተር ዙር የሚያሳዩት ሁለት ትልልቅ ሰዓቶች ከመሪው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ የዘይት፣ የውኃ፣ የነዳጅና የመሳሰሉት ስድስት ትንንሽ ሰዓቶች ከክሩስኮቱ መካከል ተደርድረዋል። አንዳንድ ማብሪያ ማጥፊያዎች ጣሪያው ላይ ስለተተከሉ ለመብራት እጅን ወደ ላይ መስደድ ያስፈልጋል። የማርሽ ዘንጉ በተሰነጠቀ የብረት ሰሌዳ ውስጥ ይመላለሳል፤ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ብረት ከብረት ጋር ሲነካካ ይሰማል፤ የዚህ ድምፅ ወዳጆች ብዙ ናቸው። አቀማመጡ ግን በዘመኑ በጣሊያን መኪኖች የተለመደው፣ ረጅም እጅና አጭር እግር ላለው ሰው የታሰበ የሚመስለው ነው። ሞተሩን ከተሳፋሪዎቹ የሚለየው አንድ መስታወት ብቻ በመሆኑ ጫጫታውና ሙቀቱ ከራስ ጀርባ ይመጣል፤ በበጋ ከአንድ ሰዓት በላይ የተጓዘ ሰው ጨዋታውን ያቋርጣል።

አሽከርካሪዎቹ ከሚያነሡት ችግር ዋነኛው የፊቱ መቅለል ነው። የነዳጅ ታንኩ ያለው ከፊት ሲሆን የአፍንጫው ቅርጽም በከፍተኛ ፍጥነት መኪናውን ወደ መንገዱ ከመጫን ይልቅ ወደ ላይ የሚያነሣ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ ሲጨምርና ነዳጁ ሲጎድል የፊት ጎማዎቹ መንገዱን የሚጫኑበት ኃይል ይቀንሳል፣ መሪውም ይቀላል። ፋብሪካው ለመጀመሪያው ዓይነት በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል ብሎ ነበር፤ በዚያ ፍጥነት መንዳት የሚችል ሰው በዚያ ፍጥነት ማሽከርከሩ ደስ ይለዋል ማለት ግን አይደለም። ፍጥነቱን የሚያመሰግኑ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

ሁለተኛው የእሳት ሥጋት ነው። መኪናው የሚጠቀምባቸው ባለ ሦስት ጉሮሮ የዌበር ካርቡሬተሮች ለውድድር የታሰቡ በመሆናቸው፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲያንኮራኩር ወይም በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ሲቆይ ትርፍ ቤንዚን በጉሮሯቸው ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲተፋ ያ ቤንዚን ይያያዛል፤ በዚህ መንገድ የተቃጠሉ ሚዩራዎች ጥቂት አይደሉም። ሰሜን ጣሊያን ውስጥ በአንድ የባለቤቶች ስብስብ ላይ ያየሁት አንድ አረጋዊ ባለቤት ሞተሪኖውን ከመምታቱ በፊት የኤሌክትሪክ ፓምፑን ከፍቶ ጥቂት ጠበቀ፣ ወርዶ የኋላውን ክዳን አነሣ፣ ጎንበስ ብሎ ካርቡሬተሮቹን በአፍንጫው አሸተተ፤ የእሳት ማጥፊያው ደግሞ ከተሳፋሪው መቀመጫ ሥር ነበር። ይህን ልማድ የሌለው ሰው ሚዩራ ባይገዛ ይሻለዋል። የቤንዚን መስመሮቹንና የካርቡሬተሮቹን ማፍሰሻ በዕውቀት ያሻሻለ መካኒክ ሥጋቱን በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ የፋብሪካ ይዘቱ ተነካ ብሎ የሚያጉረመርም ገዥ ካለ ማጉረምረሙን ይተው።

ሌላው እንከን ሞተሩና ካምቢዮው አንድ ዘይት መጋራታቸው ነው። ከማርሾቹ የሚረግፈው የብረት ብናኝ በሞተሩ ዘይት ውስጥ ይዞራል፤ ሞተር የሚወደው ዘይትና ማርሽ የሚወደው ዘይትም አንድ ዓይነት አይደለም። ፋብሪካው ሁለቱን ለየብቻ ያደረገው በመጨረሻው ዓይነት፣ ያውም ዘግይተው በተሠሩት ላይ ነው።

ዓይነቶቹ በአጭሩ ሦስት ናቸው። ከ1966 ጀምሮ የተሠራው ፒ400 ባለ 3,929 ሲሲ ሞተሩ 350 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ በ1968 የመጣው ኤስ የተባለው 370፣ በ1971 የመጣው ኤስቪ ደግሞ 385 ያወጣል። ኤስቪ ቅንድቦቹን ትቷል፤ የኋላ ጎማዎቹ ሰፍተዋል፣ የኋላ ፓራፋንጎዎቹም አብረው አብጠዋል፤ አነዳዱ ከሦስቱ የተረጋጋው ነው። ሥራው በ1973 እስኪቆም በጠቅላላ የተመረቱት 760 ገደማ ሲሆኑ ከእነዚህ ኤስቪዎቹ 150 ያህል ናቸው። ለሚነዳ ሰው ምርጫው ያለ ክርክር ኤስቪ ነው። ለሚያይ ሰው ግን የመጀመሪያው ፒ400 ይበልጣል፤ ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም እኩል ቀጫጭን ስለሆኑ የጋንዲኒ መስመር ምንም ሳያብጥ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ይፈስሳል። ገበያው በዚህ አይስማማም።

የፌራሪ ወዳጆች ሚዩራን ሲተቹ እነዚህን ጉድለቶች በሙሉ ያነሣሉ፣ እውነታቸውንም ነው። ነገር ግን የፌራሪ መሥራች ኤንዞ ፌራሪ ኃይለኛ ሞተርን ከአሽከርካሪው ኋላ አድርጎ ለተራ ደንበኛ ለመሸጥ ሲያመነታ ቆይቷል፤ በ1968 የወጣው ታዋቂው ዴይቶና እንኳ ሞተሩ ከፊት ነበር። ፌራሪ ባለ12 ሲሊንደር የመንገድ መኪናውን ሞተር ከመቀመጫዎቹ ኋላ አድርጎ ለገበያ ያቀረበው በ1973 ቦክሰር በተባለው መኪናው ነው፤ ያን ጊዜ ሚዩራ ሥራውን ጨርሶ፣ የጋንዲኒ ሁለተኛው ድንቅ ሥራ ካውንታሽ ሊተካው ተዘጋጅቶ ነበር።

ዋጋውን በተመለከተ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ 20,000 ዶላር ገደማ ይሸጥ የነበረ መኪና ዛሬ በጨረታ በሚሊዮን ዶላሮች ይቆጠራል፤ ጥሩ ኤስቪ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሸጡ የተለመደ ነው። የዋጋ ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ ኤስን ወደ ኤስቪ መልክ የቀየሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ገዥው የሻንሲና የሞተር ቁጥሮቹ ከፋብሪካው መዝገብ ጋር መስማማታቸውን ሳያጣራ ገንዘብ መክፈል የለበትም፤ ለዚህም ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2015 ያቋቋመው ፖሎ ስቶሪኮ የተባለው የቆዩ መኪኖች ክፍል የምስክር ወረቀት ይሰጣል። በኢትዮጵያ የነዳጅ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በመከልከሉ አዲስ አበባ ላይ ሚዩራ አያለሁ ብሎ ተስፋ የሚያደርግ ካለ ሌላ ዕቅድ ያውጣ።

ጣሊያን የሚኖር ወይም በዚያ የሚያልፍ አንባቢ ግን ዕድል አለው። ከቦሎኛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሳንታጋታ ቦሎኜዜ የፋብሪካው ሙዚየም አለ፤ ፉኖ ዲ አርጄላቶ ላይ ደግሞ የፌሩቾ ቤተሰብ ያቋቋመው ሌላ ሙዚየም አለ፤ ስማቸው ስለሚመሳሰል አድራሻውን ሳያረጋግጡ መነሣት አያስፈልግም። መጀመሪያ የትኛውን እንያ ለሚል ሰው፣ ትራክተሮቹንና መኪኖቹን በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚያሳይ የቤተሰቡን እመክራለሁ። ሞተሩ ሲነሣ መስማት የሚፈልግ ግን ሙዚየም አይበቃውም፤ በየዓመቱ በሜይ ወር ኮሞ ሐይቅ ዳር በሚካሄደው የቪላ ዴስቴ የውብ መኪኖች ውድድር ሰሞን ቢሄድ የተሻለ ነው፤ በዚያ ወቅት ሐይቁን በሚዞረው ጠባብ መንገድ የቆዩ የጣሊያን መኪኖች ሞተራቸው ተነሥቶ ሲያልፉ ይሰማሉና።